ከዜሮ በታች

ሳስካቱን፣ በጥር ወር፣ ሠላሳ ስምንት ነው፣ ከዜሮ በታች፤
መኪናዬ ሁለቴ ሳለችና ተኛች፣ በሦስተኛው ነቃች።
የከተማው እጣቢ ግን ብርድ አያውቅም፣ በቧንቧው ይሞቃል፤
ከክቡ ገንዳ ሲደርስ፣ ዝም ብሎ ይዘቅጣል፣ ይወድቃል።

ይህን መውደቅ በቁጥር መጻፍ ነው ሥራዬ፤
ገንዳውን ከአፉ እስከ ወለሉ በሳጥን ከፍዬ፣
ከአንዱ የወጣው ለሌላው ይግባ፣ ምንም አይጥፋ ብዬ።
የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤ በእኔ ደብተር ግን
የፈሰሰች ጠብታ ሁሉ ከጎረቤት ሳጥን ትገኛለች።

ችግሩ፣ እኩልታው ሁለት ጠባይ አለው።
ዝቃጩ ሲበዛ፣ ቅንጣት በቅንጣት ላይ ሲደገፍ፣
ይጨናነቃል፣ ይገፋፋል፣ የአንዱ ሸክም በሌላው ሲያልፍ።
ሲሳሳ ግን፣ ሳይነካኩ ሲወርዱ፣
የሚያሰራጨው ቁጥር ይሞታል።
ዜሮ። በቃ፣ ዜሮ።
ለስላሳው መንገድ ያልቃል፣ ገደሉ ይጀምራል፤
የተማርኩት ስሌት ሁሉ ከዚያ ጫፍ ይደናበራል።

እና ዋሸሁ። ትንሽ።
ዜሮ ባለበት ሁሉ እፍኝ የማትሞላ ስርጭት ጨመርኩ፣
ወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው፤ ገደሉን ሞልቼ አስተካከልኩ።
ልማዴ ነው። በእህቶቼ ጠብ መሀል ገብቼ
የአንዷን ክፉ ቃል ለሌላዋ አለስልሼ የማደርስ፣
«እንዲህ ለማለት ፈልጋ ነው» የምል ሰው ነኝ።
ሥዕሉም አማረ፤ ከነጭ ወደ ቡኒ፣ እንደ ጉም የሚፈስ።

ኦሬስት መጣ፤ ሠላሳ ዓመት የዚህ ገንዳ ጠባቂ፣
ጢሙ ላይ በረዶ፣ በእጁ ረጅም ጥርት ያለ ቱቦ።
ሥዕሌን አየ። ምንም አላለም። «ነይ» አለኝ።
ከመሸጋገሪያው ላይ ቱቦውን ቀስ ብሎ ሰደደው፤
ሲያወጣው ከላይ ውሃ፣ ከታች ጭቃ፣
በመሀል መስመር፣ በምላጭ የተቆረጠ።
«ያንቺው ጉም ነው» አለ። «የኔ ውሃ የት እንደሚያበቃ ያውቃል።»

ጨዉን አወጣሁ። የዘራሁትን ነቀልኩ፤
በቦታው የተራቀቀ፣ ብልጥ የተባለ ዘዴ ተከልኩ።
መስመሩ ጋ ሲደርስ ደንባራ በቅሎ ሆነ፣ በዚያ ላይ ቃጭል ታክሎ፤
የአንዱ ሳጥን ዝቃጭ ተገኘ፣ ከዜሮ በታች ተንከባሎ።
ኦሬስት ሳቀ፤ ከጢሙ ረገፈ በረዶው፦
«ከምንም ያነሰ ጭቃ? ማን ነው ባለዕዳው?»

ወደ ሞኙ ዘዴ ተመለስኩ፤ ሞኝ፣ ግን ሐቀኛ።
እያንዳንዱ ሳጥን ወሬውን የሚጠይቀው
ነገሩ ከመጣበት በኩል ነው፤
ገና ካልደረሰበት ወገን አሉባልታ አይሰማም።
ካለው በላይ አይሰጥም፣ ከሌለው አይበደርም።
ዋጋው ጊዜ ነው። ሳጥኑን በግማሽ ሳሳንሰው
እርምጃው ሩብ ይሆናል፣ ድካሙ ስምንት እጥፍ፤
ሌሊቱን ሙሉ ማሽኑ ሲቆጥር፣ እኔ ከጎኑ ሳንቀላፋ ስባንን
ነጋ ሳይባል ነጋ።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ።
እኩልታውን የሚያሟሉ መስመሮች ብዙ ናቸው፤
ሁሉም በወረቀት ትክክል፣ ሁሉም ምለው የሚመሰክሩ።
ገንዳው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤
ሞኙም ዘዴ፣ ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር፣ ወደዚያው ይጠጋል።
ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አርባ ገጽ ያስፈልገኛል፤
ኦሬስት አርባ ገጽ አያነብም።

«አንድ ሜትር ከሰባ» አልኩት በጠዋት።
ቱቦውን ነከረ፣ አወጣ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ።
«አንድ ከሰማንያ።»

ዐሥር ሴንቲ ሜትር።
ያለ ልክ የገመትኩት አንድ ቁጥር አለ፣ ብነካው ይዘጋል።
እጄ ለመደና ሄደ፤ መለስኩት።
ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ፣ ጎን ለጎን፣
መሀላቸውን ባዶ ትቼ።

ማታ ታናሽ እህቴ ደወለች።
«ምን አለች?» አለችኝ።
ያለችውን ነገርኳት፣ እንዳለችው።
ስልኩ ዝም አለ።
ውጭ፣ አሁንም ሠላሳ ስምንት ነው።